ታሪክ የዘለላትን ሠራተኛ ልብወለድ ሲጠራት

ደራሲዎች ከአምባገነኖች ጋር የተደረገን እውነተኛ ትግል እንዴት ወደ ልብወለድ ይለውጡታል? ከኩዌት እስከ አስመራ የሚወስዱ ጥቂት መጻሕፍትን ይዘን እንመልከት።

እህቴ፣ ኩዌት ከገባሽ አንድ ዓመት ካለፈሽ ፌብሩዋሪ 25ን እና 26ን ታውቂያቸዋለሽ። ልጆቹ የባንዲራ ቀለም ያለው ልብስ ይለብሳሉ፤ መኪናው ሁሉ ጥሩንባውን እየነፋ ወደ ባሕሩ መንገድ ይተማል፤ በየጀሚያው ባንዲራ ይሸጣል። ማታ ግቢውን የምታጥቢው አንቺ ነሽ። የመጀመሪያው ቀን ብሔራዊ በዓል፣ ሁለተኛው የነጻነት ቀን ነው። ግን «ከማን ነጻ የወጡበት?» ብለሽ ጠይቀሽ ታውቂያለሽ?

ኦገስት 2 ሲመጣ ደግሞ በአንዳንድ ቤት ሁኔታው ሌላ ነው። ማማ ቴሌቭዥኑ ፊት ዝም ብላ ትቀመጣለች። ሳሎኑ ውስጥ «አቧራውን ስትጠርጊ ተጠንቀቂ» የምትባይበት፣ ማንም ከቦታው የማያነሳው የአንድ ወጣት ፎቶ ይኖራል። ስሙን ማንም አልነገረሽም ይሆናል።

ከዚያ ዝምታ ውስጥ ብዙ መጻሕፍት ወጥተዋል። በትርጉም ሥራ የምተዳደር፣ በዩኒቨርሲቲም ዓረብኛ የተማርኩ ሰው ስለሆንኩ ጥቂቶቹን አንብቤያለሁ። ዛሬ ስለ እነሱ ላወራሽ የፈለግኩት በአንዱ ውስጥ የታሪኩን አደራ ተሸክማ የምትቆየው በዚሁ አገር የሰው ቤት ስታጸዳ የነበረች ሠራተኛ ስለሆነች ነው። ከአገራችን መጻሕፍትም እንዲህ ያለች ሴት አለች። (በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ያልኩት የኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፤ ሌላው ሁሉ እዚህ የምንጠቀምበት ነው።)

ሰባቱ ወራት

ኦገስት 2 ቀን 1990 ንጋት ሳይቀድ የሳዳም ሁሴን ጦር ድንበር ጥሶ ገባ። ከተማዋ በሰዓታት ውስጥ ተያዘች። ሳዳም ኩዌትን የኢራቅ 19ኛ ክፍለ ሀገር ነሽ ብሎ አወጀ። ወረራው እስከ ፌብሩዋሪ 26 ቀን 1991 ድረስ ሰባት ወር ገደማ ቆየ።

ያን ጊዜም እዚህ አገር እንደ እኛ ለእንጀራ የመጡ ሰዎች ነበሩ። ወደ 170,000 የሚጠጉ ህንዳውያን ብቻ በዮርዳኖስ በኩል በአውሮፕላን ወደ አገራቸው ተወስደዋል። የሰው አገር ጦርነት በሰው ቤት ሳለሽ ሲደርስብሽ ምን ማለት እንደሆነ አስቢው።

ከኩዌታውያኑ ብዙዎች ከአገር ወጡ፤ ብዙዎችም ቀሩ። የቀሩት ወታደሮቹ የሚፈልጉትን ሰው እንዳያገኙ የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር እየነቀሉ ጣሉ። በጀሚያዎች በኩል ምግብ ለየሰፈሩ አከፋፈሉ። በራሪ ወረቀት በሕቡዕ አሳተሙ፤ የሚፈለጉ የውጭ ሰዎችን በየቤታቸው ደበቁ። ሴቶች በወረራው የመጀመሪያ ሳምንታት አደባባይ ወጥተው ተቃወሙ። ከእነዚህ ሴቶች መካከል ዛሬ ኩዌት በሰማዕትነት የምታስባት አስራር አል-ቀበንዲ በሕቡዕ ትግሉ ውስጥ ስትሠራ ተይዛ በጃንዩወሪ 1991 ተገደለች።

ሙባረክ አል-ከቢር አካባቢ የምትሠሪ ከሆነ ቁሬን ለአንቺ ቅርብ ናት። ፌብሩዋሪ 24 ቀን 1991፣ ነጻነቱ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ «የመሲላ ቡድን» የሚባሉ 19 የሕቡዕ ታጋዮች በአንድ መኖሪያ ቤት ውስጥ ተከበቡ። በቀላል መሣሪያ ከታንክ ጋር ለሰዓታት ተዋጉ። 12ቱ ሞቱ፤ ከእነሱም አብዛኞቹ ከተያዙ በኋላ የተገደሉ ናቸው። ቤቱ ዛሬ ሙዚየም ነው፤ የተመታው ግድግዳ እንደተመታ ተትቷል። የዕረፍት ቀንሽን በቤተ ክርስቲያን ወይም በገበያ ብቻ ማሳለፍ ከሰለቸሽ አንድ ቀን ሄደሽ እይው፤ ከመሄድሽ በፊት ግን ክፍት መሆኑን አረጋግጪ።

ከነጻነቱ በኋላ ደግሞ ወደ ኢራቅ ተወስደው የት እንደደረሱ ያልታወቁ ሰዎች ነበሩ። ኩዌት ለዓመታት የጠየቀችው ስለ 605 ምርኮኞችና የጠፉ ሰዎች ነው። ሳዳም እ.ኤ.አ. በ2003 ከወደቀ በኋላ የብዙዎቹ አጽም በኢራቅ በረሃ ከጅምላ መቃብር ተገኘ። ያ ማንም የማያነሳው ፎቶ ከእነዚህ የአንዱ ሊሆን ይችላል።

ታሪኩን የኖረ ደራሲ

ኢስማዒል ፋህድ ኢስማዒል (1940–2018) በኩዌት ልብወለድ ጥበብ ፈር ቀዳጅ ተብሎ የሚጠራ ደራሲ ነው። ወረራውን ከሩቅ በሬዲዮ የሰማ ሰው አይደለም፤ ኩዌት ውስጥ ሆኖ ኖሮታል። ከዚያም በ1996 ሰባት ክፍል ያለው ልብወለድ አወጣ። ርእሱ በዓረብኛ «ኢሕዳሲያት ዘመን አል-ዑዝላ» ይላል።

የመጀመሪያውን ቃል በየቀኑ ትጠቀሚበታለሽ። ለጓደኛሽ በስልክ «ሎኬሽን ላኪልኝ» ስትያት የሚመጣልሽ የቦታ ቁጥር «ኢሕዳሲያት» ይባላል። «ዑዝላ» ማለት ከሰው ተቆርጦ ብቻን መቅረት ነው። እንግዲህ ርእሱ «ብቻችንን የቀረንበት ዘመን የት ነበርን?» እንደማለት ነው። በመጀመሪያው ዓመትሽ ስልክ ሳይኖርሽ በአንድ ፎቅ ላይ የቆየሽ ከሆነ፣ ይህን ርእስ ካንቺ በተሻለ የሚረዳው ሰው የለም።

ለምን ሰባት ክፍል አስፈለገው? የጋዜጣ ዘገባ «በዚህ ቀን ይህን ያህል ሰው ሞተ» ብሎ ያበቃል። ልብወለድ ግን ሰባት ወር ማለት ስንት ሌሊት እንደሆነ እንድትቆጥሪው ያደርግሻል። በሩ ሲንኳኳ ማን ይከፍታል? ጎረቤት ይታመናል ወይስ አይታመንም? ልጅ ሲታመም በኬላው በኩል ማን ያሳልፈዋል? ሌላዋ የኩዌት ደራሲ ለይላ አል-ዑስማንም በ1994 ስለዚያው ጊዜ ያወጣቻቸውን አጫጭር ታሪኮች «አል-ሐዋጂዝ አስ-ሰውዳእ»፣ «ጥቁር ኬላዎች» ብላ ሰይማቸዋለች። ታሪክ ጸሐፊ ጦርነቱን ይመዘግባል፤ ልብወለድ ጸሐፊ ኬላው ላይ የቆመውን ሰው ልብ ምት ይመዘግባል።

ጆሴፊን፦ አደራውን የያዘችው ሠራተኛ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሳዑድ አል-ሰንዑሲ የሚባል ወጣት የኩዌት ደራሲ በ2012 «ሳቅ አል-ባምቡ»፣ በአማርኛ «የቀርከሃ ግንድ» የሚል ልብወለድ አወጣ። መጽሐፉ በ2013 ዓለም አቀፉን የዓረብኛ ልብወለድ ሽልማት አሸነፈ። በ2016 የረመዳን ወር በቴሌቭዥን ድራማ ሆኖ ቀርቧል፤ አያቲቱን ሆና የተጫወተችው ሱዓድ አብዱላህ ናት። ምናልባት ሳህን እያጠብሽ በግማሽ ጆሮ ሰምተሽው ይሆናል።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ጆሴፊን ከፊሊፒንስ መጥታ በታወቀ የኩዌት ቤተሰብ ቤት ትሠራለች። የቤቱ ብቸኛ ወንድ ልጅ ራሺድ መጽሐፍ አንባቢ፣ የአገሩን ነገር የሚከታተል ጸሐፊ ነው። ከሠራተኛዋ ጋር ይዋደዳል፤ በድብቅም ያገባታል። በ1988 ልጅ ይወለዳል። የራሺድ እናት «የሰው ዓይን፣ የቤታችን ስም» ብላ ልጁን አልቀበልም ትላለች። ራሺድም ጆሴፊንን ከነሕፃኑ ወደ አገሯ ይልካል፤ «አንድ ቀን ልጄን አመጣዋለሁ» ብሎ ቃል ይገባል። ከዚያ ወረራው ይመጣል፤ ደብዳቤም ይቋረጣል።

ራሺድ በወረራው ጊዜ ከሕቡዕ ታጋዮች ጋር ተቀላቅሎ ነበር። ተማረከ፤ አልተመለሰም። ከዓመታት በኋላ አጽሙ በኢራቅ ከጅምላ መቃብር ተገኘ። ራሺድ የሚባል ሰው በእውን አልነበረም። ነገር ግን እነዚያን 605 ስሞች አስቢያቸው፤ ደራሲው ከሁሉም ትንሽ ትንሽ ወስዶ አንድ ሰው ሠራ። ኩዌታዊ አንባቢ ራሺድን ሲያነብ የራሱን አጎት፣ የራሱን ወንድም ያያል።

ልጁ ዒሳ በ18 ዓመቱ ወደ ኩዌት ይመጣል። ቁርጡባ ሰፈር ያለው የአባቱ ቤት ግን እንደ ልጅ አይቀበለውም። በግቢው ውስጥ የሠራተኞች ክፍል ባለበት በኩል ይቀመጣል፤ ለጎረቤት የሚነገረውም አዲስ ፊሊፒኒ ሠራተኛ መጣ ተብሎ ነው። የሰማዕት ልጅ በአባቱ ግቢ ሠራተኛ ተብሎ ኖረ ማለት ነው። ለዚያ ሁሉ ዓመት ደግሞ «አባትህ እንዲህ ያለ ሰው ነበር» እያለች የአባቱን ክብር በልጁ ልብ ያቆየችው ማን ናት? ከቤቱ የተባረረችው ሠራተኛ፣ ጆሴፊን ናት።

እዚህ ላይ ቆም በይ። ራሺድ በሳዳም ወታደር ፊት ደፋር ነበር። በእናቱ ፊት ግን ሚስቱን «ሚስቴ ናት» ብሎ በእጇ ይዞ መቆም አልቻለም። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ሁለቱም በአንድ ሰው ውስጥ ይኖራሉ። ሐውልት ይህን አይናገርም፤ ሐውልት ላይ ስምና የሞቱበት ቀን ብቻ ነው የሚጻፈው። ልብወለድ ግን ጀግናውን ከጦር ሜዳ መልሶ ወደ ቤቱ ያስገባውና «እዚህስ እንዴት ነበርክ?» ብሎ ይጠይቀዋል።

ሥራዬ ትርጉም ስለሆነ የወደድኩት ሌላም ነገር አለ። ደራሲው መጽሐፉን ሲያቀርበው ዒሳ በፊሊፒንስ ቋንቋ እንደጻፈውና ሌላ ሰው ወደ ዓረብኛ እንደተረጎመው አድርጎ ነው። ተርጓሚውም የልብወለዱ ሰው ነው። ኩዌታዊው ደራሲ በዚህ መንገድ ለአገሩ አንባቢ «ስለ ቤታችሁ አንድ ጊዜ የሠራተኛዋ ልጅ ይናገር፤ እናንተ አድምጡ» አለ።

ወደ አገራችን፦ በመጽሐፍ የጠፋ ደራሲ

የአምባገነን ነገር ሲነሳ የእኛም ቤት ባዶ አይደለም። በዓሉ ግርማ ኢሉባቦር፣ ሱጴ ውስጥ ከህንዳዊ ነጋዴ አባትና ከኢትዮጵያዊት እናት ተወለደ። እሱም እንደ ዒሳ የስደተኛ ልጅ ነበር ማለት ነው። ጋዜጠኛ ሆነ፤ ጋዜጣና መጽሔት መራ፤ በደርግ ጊዜ በማስታወቂያ ሚኒስቴር ቋሚ ተጠሪ እስከመሆን ደረሰ። «ከአድማስ ባሻገር»ን፣ «ደራሲው»ን፣ «ሐዲስ»ን ጽፏል።

በ1974 ዓ.ም. ደርግ የኤርትራን ታጋዮች ለመጨረሻ ጊዜ እደመስሳለሁ ብሎ የቀይ ኮከብ ዘመቻን አወጀ። በዓሉ ለቅስቀሳው ሥራ አስመራ ሄደ። ሥራው ድሉን ማብሰር ነበር። ዘመቻው ግን የታሰበለት ቦታ አልደረሰም፤ እሱም ያየውን አየ። በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ» ወጣ።

ዋናው ሰው ጸጋዬ ኃይለማርያም የቴሌቭዥን ጋዜጠኛ ነው። አዲስ አበባ እጮኛ አለችው፤ አስመራ ሲደርስ ፊያሜታ ጊላይ ከምትባል ሴት ጋር ፍቅር ይይዘዋል። ከላይ ሲታይ የፍቅርና የስለላ ታሪክ ነው። በመካከሉ ግን ባለሥልጣናት ሲመክሩ፣ ሲኩራሩ፣ እርስ በርስ ሲጠባበቁ ይታያሉ። ስማቸው ተቀይሯል፤ አንባቢ ግን ማን ማን እንደሆነ ለመገመት አልተቸገረም። «ኦሮማይ» የሚለውም ከጣሊያንኛ ወደ አስመራ ሰዎች አፍ የገባ ቃል ነው፤ «አበቃ፣ አከተመ» እንደማለት። ድል ለማብሰር የተላከ ሰው መጽሐፉን «አበቃለት» ብሎ ሰየመው።

መጽሐፉ ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ታገደ፤ ከየመደብሩ ተሰበሰበ። በዓሉ ከሥራው ተባረረ። በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። እስከ ዛሬ መቃብሩ አይታወቅም። ቤተሰቡ የኩዌት ቤተሰቦች የሚያውቁትን ዓይነት ጥበቃ ጠበቀ፤ እነሱ አጽም ተመልሶላቸዋል፣ የበዓሉ ቤተሰብ ግን ያንን እንኳ አላገኘም።

ደርግ ከወደቀ በኋላ «ኦሮማይ» በነጻነት ታተመ። በ2025 ደግሞ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ለዓለም ገበያ ቀርቧል። ያገዱት ባለሥልጣናት ዛሬ የሚታወሱት በአብዛኛው በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ባላቸው ቦታ ነው።

«ስማቸውን ከቀየረ ለምን ፈሩት?» ትይ ይሆናል። ስም ሲቀየር የሚጠበቀው ጸሐፊው ብቻ አይደለም፤ አንባቢም ነጻ ይወጣል። የእገሌን ስም በይፋ ቢጽፍ ክርክሩ «እገሌ ይህን ብሏል ወይስ አላለም?» ይሆን ነበር። ስሙ ሲቀየር ግን ጥያቄው «እንዲህ ያለ ሰው አገር ሲመራ ምን ይሆናል?» ወደሚል ይዞራል። አምባገነን የሚፈራው ይህንን ሁለተኛውን ጥያቄ ነው።

ሂሩት፦ ጠመንጃዋን የተቀማችው

መዓዛ መንግሥቴ አዲስ አበባ ተወልዳ አሜሪካ የምትኖር ደራሲ ናት፤ የምትጽፈው በእንግሊዝኛ ነው። በ2010 ባወጣችው የመጀመሪያ ልብወለዷ የ1966 ዓ.ም. አብዮትንና ተከትሎ የመጣውን ሽብር በአንድ ሐኪም ቤተሰብ በኩል ተረከች። በ2019 ያወጣችው ሁለተኛው ግን ወደ ፋሺስት ጣሊያን ወረራ ይመለሳል። ርእሱ «የጥላው ንጉሥ» እንደማለት ነው፤ በ2020 ለታወቀው የቡከር ሽልማት ከመጨረሻዎቹ እጩዎች አንዱ ነበር።

የዚህ መጽሐፍ ዋና ሰው ማን እንደሆነች ልንገርሽ? የቤት ሠራተኛ ናት። ሂሩት ወላጆቿ የሞቱባት፣ በኪዳኔና በሚስቱ በአስቴር ቤት የምታገለግል ልጅ ናት። ከአባቷ የቀረላት አንድ አሮጌ ጠመንጃ ብቻ ነው። ጦርነት ሲመጣ ኪዳኔ ለሠራዊቱ ያስፈልጋል ብሎ ይወስድባታል። አስቴር በቅናት ትገርፋታለች። በዚያው ቤት ሌላም ሠራተኛ አለች፤ መጽሐፉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚጠራት «ወጥ ቤቷ» እያለ ነው፤ ስሟን አንሰማም።

በኋላ ሂሩት ትዘምታለች፤ ወታደር ትሆናለች። ኪዳኔ አገሩን ከወራሪ የሚያድን አርበኛ ነው። ይኸው አርበኛ ሂሩትን ይደፍራታል። እንደ ራሺድ ሁሉ ደራሲዋ ጀግናውን ከሁለት ወገን ታሳየናለች፤ ይኸኛው ግን እጅግ የከፋ ነው። ሂሩት ሁለት ጦርነት አለባት፤ አንዱ ከጣሊያን ጋር፣ ሌላው ከራሷ ወገን ጋር። ታሪክ የመጀመሪያውን ጽፎታል። ሁለተኛውን ሴቶች በጓዳ ተንሾካሽከው አለፉት እንጂ የጻፈው አልነበረም።

ይህ ከሜዳ የተፈጠረ አይደለም። ሴቶች በአርበኝነት ዘመን ስንቅ ከማዘጋጀትና ቁስለኛ ከማንሳት አልፈው ተዋግተዋል። ደራሲዋ እንደምትናገረው ቅድመ አያቷ በወጣትነቷ የአባቷን ጠመንጃ ይዛ ለመዝመት ከአባቷ ጋር እስከ ክስ የደረሰች ሴት ነበረች። መዓዛ ይህን ከቤተሰቧ የሰማችው መጽሐፉን ስትጽፍ ከቆየች በኋላ ነው። ከአጠገቧ የነበረውን ታሪክ እስክትጠይቅ ድረስ የነገራት ሰው አልነበረም።

ሦስቱ እህትማማቾችና ሹፌራቸው

ኖቬምበር 25 በሴቶች ላይ የሚፈጸም ጥቃት የሚወገዝበት ዓለም አቀፍ ቀን እንደሆነ በኤምባሲ ወይም በማኅበራት በኩል ሰምተሽ ይሆናል። ቀኑ ከየት መጣ? በዶሚኒካን ሪፐብሊክ ትሩሂዮ የሚባል አምባገነን ከ1930 እስከ 1961 ገዝቷል። ፓትሪያ፣ ሚኔርቫና ማሪያ ቴሬሳ ሚራባል የሚባሉ እህትማማቾች በሕቡዕ ታገሉት፤ የምስጢር ስማቸው «ቢራቢሮዎቹ» ነበር። ኖቬምበር 25 ቀን 1960 የታሰሩ ባሎቻቸውን ጠይቀው ሲመለሱ መንገድ ላይ ተገደሉ፤ የመኪና አደጋ እንዲመስልም መኪናቸው ወደ ገደል ተገፋ። የተባበሩት መንግሥታት በ1999 ዕለቱን በሴቶች ላይ የሚፈጸም ጥቃት የሚወገዝበት ቀን አድርጎ ሰየመው።

ሁሊያ አልቫሬዝ የምትባል ደራሲ በ1994 ስለ እነሱ ልብወለድ ጻፈች። አባቷ በዚያው ትግል ስለነበረበት ቤተሰቧ በ1960 አገር ጥሎ ሸሽቶ ነበር። ስማቸውን አልቀየረችም፤ ግን ለእያንዳንዷ ድምፅ ሰጠቻት፤ ለትንሿ እህት ማስታወሻ ደብተር ፈጠረችላት። በመጽሐፉ መጨረሻም እነዚህ እህትማማቾች የእሷ ፈጠራ መሆናቸውን ለአንባቢ በግልጽ ትናገራለች።

በዚያ መኪና ውስጥ አራተኛ ሰው ነበር። ሩፊኖ ዴ ላ ክሩዝ ይባላል፤ ሹፌራቸው ነው። አብሯቸው ተገደለ። የሴቶቹን ስም ዓለም ያውቃል። የሹፌሩን ግን ስንቱ ያውቃል? እዚህ አገር በሹፌርነት የምትሠሩ ወንድሞቼም ይህን አስታውሱ።

ደራሲው ምን ያደርጋል?

እነዚህን መጻሕፍት ጎን ለጎን ስታስቀምጪያቸው ደራሲዎች የሚሠሩት ሥራ ተመሳሳይ ሆኖ ታገኚዋለሽ።

አንደኛ፣ ከብዙ ሰው አንድ ሰው ይሠራሉ። ራሺድ ከብዙ ምርኮኞች የተሠራ ነው። 605 ለሚለው ቁጥር ማልቀስ ከባድ ነው፤ ለአንድ ሰው ግን ይለቀሳል።

ሁለተኛ፣ ስም ይቀይራሉ ወይም ይደብቃሉ፤ አንዳንዴ ለደኅንነት፣ አንዳንዴ ደግሞ ጥያቄውን ከግለሰብ ወደ ሥርዓት ለማዞር። በዓሉ ስም ቀይሮም አልዳነም።

ሦስተኛ፣ መዝገብ ወደማይገባበት ክፍል ይገባሉ። ታጋይ ለፖሊስ የሰጠው ቃል በመዝገብ አለ፤ ከመያዙ በፊት በነበረው ሌሊት ለሚስቱ የተናገረው ግን የትም አልተጻፈም። ደራሲው ያንን በግምት ይሞላዋል። ለዚህ ነው ልብወለድን እንደ ማስረጃ መቁጠር የሌለብሽ። ቀኑንና ቁጥሩን ከታሪክ ውሰጂ፤ ልብወለድ የሚያስተምርሽ ሰው በፍርሃት ውስጥ እንዴት እንደሚያስብ ነው።

አራተኛ፣ ታሪኩን ከጎን ከቆመ ሰው ያስጀምራሉ፦ ከሠራተኛዋ፣ ከልጇ፣ ከጋዜጠኛው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ቡና ይዛ ሳሎን የምትገባ ሴት ሁሉንም ትሰማለች፤ ማንም ግን ትሰማለች ብሎ አያስብም። ይህን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ።

ቃላትም ላይ ልጨምር። በኩዌት የ2015 የሕግ ቁጥር 68 በዓረብኛው «የቤት ውስጥ ሠራተኛ» ይላል እንጂ በመንገድ የምትሰሚውን «ኸዳማ» የሚለውን ስድብ መሰል አጠራር አይጠቀምም። ሕጉ ከ«ኸዳማ» ወደ «ሠራተኛ» አደረሰሽ። ልብወለድ አንድ እርምጃ ይጨምርና በስምሽ ይጠራሻል፦ ጆሴፊን፣ ሂሩት።

አንቺስ?

ለማንበብ ጊዜ የለሽም ብለሽ አትተዪው። የአማርኛ ልብወለዶች ትረካ በዩቲዩብ ላይ አለ፤ ልብስ ስትተኩሺ በአንድ ጆሮ ይደመጣል። «የቀርከሃ ግንድ» በዓረብኛና በእንግሊዝኛ አለ፤ ዓረብኛ ማንበብ የጀመርሽ ከሆነ በቀን ግማሽ ገጽ ሞክሪ፤ የምትሰሚው የቤት ቋንቋና የመጽሐፉ ቋንቋ ልዩነት መጀመሪያ ቢያስቸግርሽም ጆሮሽ ይረዳሻል።

ከማማ ጋር የምትግባቡ ከሆነና ቀኑ ደህና ከሆነ «በወረራው ጊዜ የት ነበርሽ?» ብለሽ በእርጋታ ጠይቂያት። አንዳንዷ ትቆጣለች፤ አንዳንዷ ግን ለልጆቿ ያልነገረችውን ትነግርሻለች። ካዘነች አትግፊያት። እናትሽንም በስልክ ጠይቂያት፦ በቀይ ሽብር ጊዜ፣ በብሔራዊ ውትድርና አፈሳ ጊዜ እሷ የት ነበረች? ከቤተሰባችሁ ማን ሄዶ ቀረ? ደሞዝ ስለመላክ ብቻ የምታወሩ ከሆነ ይህ ጥያቄ ሳይጠየቅ ዓመታት ያልፋሉ፤ የሚያውቁት ሰዎችም አንድ በአንድ ያልፋሉ።

የሰማሽውን ግን ስልክ ላይ አትለጥፊው። የአሠሪን ቤት ምስጢር፣ ፎቶ ወይም ድምፅ ያለ ፈቃድ ማውጣት ነውር ብቻ ሳይሆን በኩዌት ሕግ ሊያስጠይቅሽ ይችላል። ከጀሚያው አንድ ደብተር ግዢ። በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሚቀልሽ ቋንቋ ጻፊ። ደራሲዎቹ እንዳደረጉት የሰዎቹን ስም ቀይሪ፤ ሰፈሩን ቀይሪ። ቀኑን ግን ትክክለኛውን ያዢ፦ መቼ ከአገር እንደወጣሽ፣ በየትኛው ዓመት የትኛው ቤት እንደነበርሽ፣ ኮሮና ሲመጣና ሁሉም ሲዘጋ ስንት ወር ከበር ሳትወጪ እንደቆየሽ። የሚያስቅሽንም ጻፊ፤ ለቅሶ ብቻ የሆነ ደብተር እውነቱን ሙሉ አይናገርም።

የመጀመሪያው ገጽ ላይ ግን የራስሽን ስም ከነአባትሽ በትክክል አስፍሪ፤ የ«ወጥ ቤቷ»ን ስም እስከ ዛሬ አናውቅም።